የኅዳጉ እጅ

በታርቱ ከተማ በረዶ ሲጋገር፣
ወንዙ ከነስሙ ተኝቶ ሲያድር፣
ፕሮፌሰር ሄልዱር ቫሪክ ከምድር ቤት ነበር።
ጠዋት ኬሚስትሪ ያስተምራል ላይ፣
ከሰዓት ይወርዳል ሙታንን ሊያይ፤
ሙታን ስል፦ ብልቃጥ፣ ደረሰኝ፣ መዝገብ፣
ከአይጥ የተረፈ፣ ሰው ያልጀመረው ማንበብ።

«ምን ሊረባህ?» ይሉት ነበር ባልደረቦቹ፣
ገንዘብ የሚያመጡቱ፣ ፖሊመር ሠሪዎቹ።
እሱ ግን ይላቸዋል መነጽሩን እያበሰ፣
«ከየት እንደ ተነሣ ሳያውቅ ማን የት ደረሰ?»

የመጀመሪያው ትምህርት ዛሬም አይጠፋኝም።
አንዲት የማግኒዥየም ጥብጣብ መዘነና
በሸክላ ጽዋ ለኰሳት፤ ጨለማው ጥግ ነጭ ቀን ሆነና
ዐይናችንን ጨፈንን።
አመዷን መልሶ ሲመዝን ከብረቷ ከበደ።
«ነዶ ያለቀ ይቀላል ብላችሁ፤ ይህ ምነው ከበደ?»
እኛም «ኦክስጅን!» አልን፣ በአንድ አፍ ጮኸን፣
ከመጽሐፍ የለቀምነውን ለመምህሩ ሰጥተን።
ዝም አለ። ቈይቶ፦ «ጎሽ፣ ታውቃላችሁ፤
ግን ሳያውቁ የኖሩትን ስለ ምን ናቃችሁ?
መቶ ዓመት ጠቢባኑ እንዲህ እያቃጠሉ መዘኑ፣
አመዱ እንደሚከብድ በዐይናቸው አይተው አመኑ፤
ግን ‹ብረት ሲነድ የእሳት ነፍስ ከውስጡ ይወጣል› አሉ።
ሞኞች አልነበሩም፤ ከእናንተ ይልቅ ያስባሉ።
ስሕተትም ቤት አለው፣ እናት፣ አባት፣ ቀዬ፤
ዘሩን ካልቈጠርኩላችሁ ምን አስተማርኩ ብዬ
ደሞዜን ልብላ?»
እኛ ሳቅን። ይህ ፈተና ላይ አይመጣም ነበር።

አንድ ቀን ከምድር ቤት አንድ ደብተር አነሣ፣
ሽፋኑ እንደ ወንፊት በአሲድ የተበሳሳ።
የአንድ ጀርመናዊ ባሮን የሙከራ መዝገብ፣
ፊደሉ እንደ ወታደር የቆመለት ዘብ።
ኅዳጉ ላይ ግን ሌላ እጅ፣ በእርሳስ፣ ጎባጣ፦
«ሰባተኛው ብልቃጥ ስንጥቅ አለው፤ አየሩ በዚያ ወጣ።»
ሌላ ገጽ፦ «ምድጃው ቀዝቅዞ ነበር፤ ቁጥሩ ይታረም።»
ባሮኑ አርሞታል። አመስግኖ ግን አያውቅም።

ይህ እጅ የማን ነው?
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ይህን ጠየቀ፤
የጥምቀት መዝገብ፣ የደሞዝ ሰነድ፣ የቀብር ዝርዝር፣
ሪጋ ድረስ ሄደ፣ በባቡር፣ በብድር።
ሚስቱ ሳልሜ «እኔንም ፈልገኝ» ትለው ነበር በቀልድ፣
ሾርባው እየበረደ፣ ሁለተኛው እንጨት ሲነድ።
ጽሑፉን የምትተይብለት እሷ ናት፣ በአሮጌ መኪና፤
የሱ ዐይን ደክሟልና።

በስተመጨረሻ ተገኘች፣ በአንድ የደሞዝ ወረቀት፦
«ሚና፣ የያን ልጅ። ብልቃጥ አጣቢ። በወር ሦስት ሩብል።» ይህችው ናት።
ሚና ነበር ስሟ፤ ሚናዋን ማን ጠየቀ ከሱ በፊት?
መቃብሯ የለም፣ ምስሏም የለም፣
እጇ ብቻ አለ፣ አሲድ ሳይልሰው አልቀረም።
አሳተመው። ከሠላሳ ሰው በላይ አላነበበውም፤
እሱ ግን ያን ሰሞን እያፏጨ ነበር የሚሄደው።

ጡረታ በወጣ ዕለት የነሐስ ሚዛኑን ሊጥሉት ሲሉ
በልጆች ሸርተቴ፣ በበረዶው ላይ፣ ጎትቶ ወሰደው፤
ጎረቤት መስኮት ከፍቶ «ፕሮፌሰር፣ ምንድን ነው?» ቢለው
«አስተማሪዬ ነው፤ መራመድ አቅቶት» ብሎ መለሰው።

በሚያዝያ ሞተ፣ ወንዙ ላይ በረዶው ሲሰነጠቅ።

ደብተሮቹን ልለቅም ከቀብሩ በኋላ ሄድኩ፤
አርባ ሦስት ነበሩ፤ ወለሉ ላይ ተቀምጬ ገለጥኩ።
ፊደሉ ቀጥ ያለ፣ በጥቁር ቀለም።
ኅዳጉ ላይ ግን ሌላ እጅ፣ በእርሳስ፣ የደበዘዘ፦
«ሄልዱር፣ ማክሰኞ አይደለም፤ ረቡዕ ነበር።»
«ይህን ሁለት ጊዜ ደምረኸዋል፤ አንዱን አስቀር።»
«የያን ልጅ ያልካት ይቺ ትሆን? የደሞዙን ገጽ ዘጠና ተመልከት።»
ቀኑን አየሁት፦
እሱ ሚናን ካገኘበት ስድስት ወር በፊት።

ቀና ስል፣ ሳልሜ ከጓዳ ብርጭቆ ታጥባለች፤
ውሃው ይሰማል።
«ከዳር ያለውን አትንካው፣ ስንጥቅ አለው» አለች።