ዘጠና ሰባት በመቶ

ሊፍታችን ከቆመ ዛሬ ወር ከሳምንት፤
በሩ ላይ ወረቀት፣ «ማኻር» የሚል ጽሕፈት።
«ነገ» ማለቱ ነው። ነገው በቴፕ ተለጥፎ
ጠርዙ ተጠቅልሏል፣ ቀለሙም ረግፎ።

ቤቴ አሽቀሎን ነው፣ ስምንተኛ ፎቅ ላይ፣
ባሕሩ በመስኮት በጥቂቱ የሚታይ።
ሽንኩርት ተሸክሜ አራተኛው ላይ አርፌ፣
ስድስተኛው ላይ ደግሞ ግድግዳ ተደግፌ፣
ስደርስ ልቤ ብቻ ነው በሩን የሚያንኳኳው።

የእኔስ ይሁን። እትዬ ያይሽ ናት ጉዳዩ።
በሳምንት ሦስት ቀን ደሟ ሊታጠብ ነው መውረዷ፤
ሁለት ጎረምሶች በፕላስቲክ ወንበር
እንደ ሙሽራ አንሥተው፣ «ቀስ በል! ያዝ! ወዲህ ዙር!»
እኔ ጫማዋን ይዤ ከኋላ ከኋላ።
«ድሮ በበቅሎ ነበር የምወርድ» ትላለች፣
«ዘንድሮ በሰው ሆነ» ብላ ትስቃለች፣
እጇ ግን የወንበሩን ክንድ እንዴት ጨምድዷል!

ባለፈው ማክሰኞ ልቤ ሞልቶ ፈሰሰ።
ስልኬን አወጣሁና ከታች ጀመርሁ፣
መቶ ሠላሳ ስድስት ደረጃ ቆጠርሁ፣
በአማርኛ ጀምሬ በዕብራይስጥ ተናገርሁ።
ዕብራይስጤ እንደ ሊፍቱ መሐል ላይ ይቆማል፤
ያን ቀን ግን አልቆመም። ቁጣ ሲገፋው ይሄዳል።

ላይ ደርሼ «ለጥፍ» የምትለዋን ነካሁ።
ክቧ ዞረች። አሥር። አርባ። ሰማንያ።
ዘጠና ሰባት ላይ ቀጥ!
እንደ እኔ፣ ጉልበቷን ይዛ፣ ሊደርሱ ሲሉ።
ደገምሁ፤ እዚያው። ሠለስሁ፤ እዚያው።
ሌሊቱን ትራሴ ሥር ስትዞር አደረች።

ናዳቭን ጠራሁት፣ የጎረቤቴን ልጅ፣
ገና አሥራ ሦስት ዓመቱ፣ የስልክ ወጌሻ።
ገልበጥ አደረገው፣ ግንባሩን ቋጠረ፣
«ዶዳ፣ ማከማቻው ጢም ብሏል» ብሎ ጀመረ።
አራት መቶ ሥዕል፣ የሰንበት ሰላምታ፣
የሚያብረቀርቅ ሻማ፣ ጽጌረዳ፣ እርግብ።
«ማነው ይህን ሁሉ የሚልክልሽ?» አለ።
ዘመድ ነው፤ ምን ልበል፣ በሕይወት መኖሩን ማሳወቂያው።
ደመሰሰው። የመተግበሪያውን ጓዳ ጠረገ፤
አሮጌውን አውልቆ አዲሱን አደረገ፤
አጠፋ፣ አበራ፤ ዋይፋዩን ዘግቶ በዳታ ሞከረ፤
«ረዝሟል» አለና ስድስት ደቂቃ መተረ፤
ከዘጠኝ ምሬቴ ሦስቱ ብቻ ቀረ።
ጥራቱን ዝቅ አድርጎ እንደገና ሰደደ፦
ዘጠና ሰባት።

«ጣሪያ!» አለኝ። ወጣን።
ከፀሐይ ውሃ ማሞቂያ በርሜሎች መካከል፣
ባሕሩ በሩቁ እንደ ቆርቆሮ ሲያበራ፣
ስልኩን እንደ ሕፃን ወደ ላይ ቢያነሣው
ዘጠና ስምንት። ዘጠና... ገባ!
ልጁ ጮኸ፤ ርግቦቹ በረሩ፤
እኔም፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ እልል አልሁ።

ሲነጋ ከፈትሁት። አፌ ይከፈታል፣
ጣቴ ይጠቁማል፣ ደረጃው ይታያል፣
ድምፅ የለም።
ከሥሩ አንዲት መስመር፦ «ባለመብት ያለው
ዘፈን ስለተሰማ ድምፁ ተዘግቷል።»
የምን ዘፈን? ለካ ሦስተኛው ፎቅ ላይ
የፕሮስፔር ራዲዮ የሠርግ ዜማ ሲለቅ
በመስኮት ሾልኮ ከቃሌ ጋር ገብቷል።
ዘፈኑስ ባለቤት፣ ተቆርቋሪ አለው፤
የእኔስ ቃል የማን ነው? ማን ጠበቃ ሆነው?
የሕንጻው ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ ሞሪስ
አውራ ጣት ልከውልኛል።
መልካም በዓል ያልኋቸው መስሏቸው።

ፕሮስፔርን አንኳኳሁ። ነገርሁት። ራዲዮውን ጠረቀመው።
«አላወቅሁም» አለ፣ ሸሚዙን እየቆለፈ፣
«ያ ሁሉ ኮቴ፣ ያ ሁሉ 'ያዝ'፣ 'ዙር'፣
ዕቃ የሚያወርዱ ነበር የሚመስለኝ።»

ማክሰኞ ደግሞ መጣ። ወንበሩ ተነሣ፤
ፕሮስፔር በአንዱ ጎን ትከሻውን ሰጠ፤
ናዳቭ ጫማውን ያዘ፣ እኔ ስልኬን።
«ቆዩ፣ ሻሼን ላስተካክል» አለች እትዬ ያይሽ፤
«ያ የፊተኛውስ ገባ?»
«ገብቷል፤ ግን ድዳ ነው።»
«እንግዲያ ጮክ በይ» ብላ ክንዱን ጨመደደች፤
እኔም ከላይኛው ደረጃ «አንድ» ብዬ ጀመርሁ።