ዘውድ ወይስ ጎፈር

የካ አባዶ ዳር፣ ከተማው አልቆ ባህር ዛፍ ሲጀምር፣
አራተኛ ፎቅ ላይ ፒያኖ አውጡ አሉን፤ ደረጃው ሲቆጠር
ስድሳ አራት ነበር።
አራት ሰው ነበርን፤ ኩምሳ፣ ሽብሩ፣ ደበሽ፣ እኔ አራተኛ፣
ገመድና ጆንያ፣ አንድ ጎማው የወለቀ ጋሪ ነው የኛ።
ከታች የሚሸከም ክብደቱን ይበላል፣ ይህን ሁሉም ያውቃል፣
ስለዚህ ሽብሩ አንድ ብር አወጣ፣ «ዘውድ ወይስ ጎፈር?» ይላል።
«ዘውድ» አልኩኝ እኔ። ብሩ ተሽከርክሮ ወደቀ ካፈሩ፤
ጎፈር። የአንበሳው ፊት። ሳቁብኝ ደበሽና ሽብሩ።

እናም ከታች ሆንኩ።
በየማጠፊያው ላይ ትከሻዬን ለግንቡ ሰጥቼ ቆምኩ፤
እቃው በተንገጫገጨ ቁጥር ከሆዱ ድምፅ ይወጣል፣
የታመመ በሬ ሌሊት እንደሚያቃስት፣ እንደዚያ ይላል።
ባለቤቷ አሮጊት፣ እታገኘሁ ምንዳ፣ ከላይ ሆና፣
«ቀስ በሉ ልጆቼ፣ ውስጡ ነገሥታት አሉና»
አለች። ኩምሳ ሳቀ፤
«ይውረዱና በእግራቸው ይውጡ!» ብሎ መቀነቱን አጠበቀ።

ሥራው አለቀና ሌሎቹ ሲሄዱ ሒሳብ ተቀብለው፣
«አንተ ቆይ» አለችኝ፣ «ኖታ የሚገልጥልኝ አጥቼ ነው።»
«እኔ ኖታ አላውቅም።» «ራሴን ስነቀንቅ ገልብጥ፣ ይበቃል።»
ጣቷ የወይራ ጭራሮ ይመስላል፤ ሲነካ ግን ይለሰልሳል።
በደርግ ዘመን ነው፣ ለሙዚቃ ትምህርት ክራኮው የሄደችው፣
አንድ ሻንጣ ልብስ፣ አንድ የዜማ ደብተር ነው ይዛ የመጣችው፤
በፖላንድ ቋንቋ፣ አንድ ድምፅ ከፒያኖ ጋር፣ ሌላ ነገር የለም፣
ለየንጉሡ አንድ ዜማ፣ ለየንግሥቲቱ አንድ ገጽ ቀለም።
ድምጿ አልቋል፤ ግማሹን በትንፋሽ፣ ግማሹን በጣት ነው የምትለው፣
ከዚያ ቆም ብላ ትርጉሙን ትነግረኛለች፣ ሳልጠይቃት ነው።
«ይሄኛው ዘመተ፤ ፈረሱ ብቻ ነው የተመለሰ፣
የዚህኛውን ልጅ ወንዝ በላበት፤ ካባውን ገልብጦ ለበሰ፣
ይህቺ ንግሥት ያንገቷን ወርቅ ሸጣ ለተማሪ ሰጠች፣
ይሄ ሰነፍ ነበር፤ ዜማው ግን ያምራል» ብላ ሳቀች።

«ዘፋኙን ታዲያ ማን ሸለመው?» አልኳት፣ ወጉን ፈልጌ፣
«አዝማሪ ቆሞ ነበር ወይ እዚያ ከዙፋኑ ግርጌ?»
ጣቷን ከጥቁሩ ቁልፍ ሳታነሣ ዝም አለች።
«ዙፋንም አልነበር» አለች፤
«ሦስት ጎረቤት አገሩን እንደ ቅርጫ ሥጋ ከተካፈለው
ወዲህ ነው የተጻፈው።
ከመቶ ዓመት በላይ ስሙ በካርታ ላይ አልነበረም፤
ሹሙ የባዕድ፣ ሳንቲሙ የባዕድ፤ ለዜማ ግን ኬላ የለም።
እናት በፒያኖ፣ መጋረጃ ዘግታ፣ ልጇን ታስቆጥር ነበር፣
አንድ ንጉሥ፣ ሁለት ንጉሥ፣ እንደ ፊደል ገበታ፣ እስኪነጋ ድረስ አገር።»

መብራት ጠፋ። በመስኮቷ፣ ከብሎኩ ማዶ ይታያል
ቆርቆሮው የተነሣ ቤት፤ ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም «ይፈርሳል» ይላል።
የኩምሳ አያት ማሳ ነበር አሉ ይህ ብሎክ የቆመበት፣
ጤፍ ያበቅል ነበር፤ ዜማም አልወጣለት።
«የመጨረሻውን ገጽ ገልብጥ» አለችኝ። ራሷን ግን አልነቀነቀች።
በጭላንጭል አየሁት፤ ባዶ መስመር ብቻ። እሷም አልተጫወተች።

ደረጃውን ወርጄ፣ በር ላይ ስደርስ፣ ኪሴን ዳሰስኩ፣
ከተከፈለኝ ውስጥ አንዱን ብር በስልኬ መብራት ገለበጥኩ፤
ባንድ በኩል አንበሳ ነው፣ ጎፈሩ እንደተበተነ፣
በሌላው በኩል ሚዛን። ዘውዱ የወለቀው እኔ ሳልወለድ፣ ስንት ዓመት ሆነ!
«ዘውድ» ስል ግን ማንም «የት አለ?» አላለኝ፤
እኔም አልገረመኝ።
የሌለ ነገር ጠርቼ፣ በዚያው በሌለው ተረታሁ፣
ስድሳ አራት ደረጃ የሰው አገር ነገሥታት በትከሻዬ አወጣሁ።

እስከ ዛሬ ያመኛል፣ ግራው በተለይ።
ማክሰኞ ና ብላኛለች፤ ያልተገለጡ አሥራ አንድ ነገሥታት አሉ ደብተሩ ላይ።