ሦስት ለአንድ

ከዳንዳጋውን ጫፍ እስከ አስፋልቱ ዳር፣
ሁለት ሽቦ ወርዷል በገደሉ አየር።
ሞተር የለ፣ ነዳጅ የለ፣ የመብራትም ቆጣሪ፤
ክብደት ብቻ ነው ነጂው፣ ክብደት ነው አሽከርካሪ።
ከላይ ቲማቲሙ ቁልቁል ይንሸራተታል፣
ከታች የጨው ከረጢት ሽቅብ ይሰቀላል።

መሐንዲሱ መጣና በጠመኔ ጻፈው፦
«አንዱን ሽቅብ ለማውጣት፣ ሦስቱን ቁልቁል ስደደው።»
ዲልማያ ታማንግ ሳቀች፣ ፍሬኑን እንደያዘች፤
«ይህንንማ ሒሳብ ሳልማርም አውቃለሁ» አለች።
«ሦስት ልጅ አውርጄ አንድ ደብዳቤ ደርሶኛል፤
ሦስት ቅርጫት ሸጬ የአንዱ ተከፍሎኛል።»

ከሦስቱ አንዷ እኔ ነኝ።
ካትማንዱ፣ ካሊማቲ ገበያ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ፣
ሚዛን ቤት ቆሜ ነው የሚነጋልኝ።
የሱካራም አውራ ጣት ሚዛኑን ሲነካ
አያለሁ፣ የእናቴ ድካም በምን እንደሚለካ።

አንድ ሌሊት ከሣጥኖች መሃል አንዷን ለየኋት፤
ኪሎው በዐሥር ሩፒ ወርዶ፣ እዚህ አርባ ተጠራባት።
ጎኗ የታሰረው በወንድሜ የትምህርት ቤት ቀበቶ፣
ዘለበቱ እንኳ አለ፣ ዝጎ፣ ግን በርትቶ።
ምንም አልተናገርኩም። ደረሰኝ ቀደድኩ፤
በጀርባው የዕለቱን ዋጋ በትልቁ ጻፍኩ።
ለሾፌሩ ለቢርማን እጁ ላይ አኖርኩት፤
«ጨው ከረጢቱ አፍ ላይ በክር እሰርልኝ» አልኩት።

እናቴ ማንበብ አትችልም፤ ቁጥር ግን ታውቃለች።
በማግስቱ ደላላው «ዐሥር» ሲል ሰማች፣
ፍሬኑን ጠበቅ አርጋ ሽቦውን አቆመች።
ሣጥኑ ገደሉ ላይ እንዳለ ተንጠለጠለ፤
ጨውም ከወንዙ በላይ። ማንም ምንም አላለ።
ውሻ ብቻ ጮኸ።
ቲማቲም አይጠብቅም፤ ይህን እሷም አትስትም፤
ከተማም ያለ አትክልት ማለዳውን አይዘልቅም።
«ዐሥራ አምስት።» ዝም። «ሃያ።» ዝም። ፀሐይ ዞረች።
«ሃያ ሁለት» ላይ እናቴ ፍሬኑን ለቀቀች።

ሦስቱ ወረደ፣ አንዱ ወጣ፤ ሒሳቡ አልተለወጠም፤
ተዳፋት ተዳፋት ነው፣ ሰው ስለጮኸ አይቃናም።

ትናንት ያ ደረሰኝ ከቲማቲሙ ጋር ወረደ፤
በከሰል ሦስት ጭረት፣ ከሥሩ አንድ፣ ብቻውን።
የሣጥኖች ቁጥር ነው? ወይስ የእኛ፣ የልጆቿን?
ቢርማንን ጠየቅኩት፣ ጨው ባይኖር የሚጫን፣
ሰው ይወጣ እንደሆን በዚያ ሽቦ አንዳንዴ እንኳን።
«ክልክል ነው» አለኝ።
ቆየና፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ክብደቴን ጠየቀኝ።