ድር የሚል መጣፊያ

ኮዬ ፈጬ ውሃ፣ ማክሰኞ ሌት መጥቶ
ረቡዕ ሳይነጋ ይሄዳል ተቆጥቶ።
ቢጫ ጀሪካኔ፣ ሥሯ ላይ ስንጥቅ ወጥቶ፣
አራት ፎቅ ደረጃ በጠብታ አጥባ፣
በግማሿ ነበር ከቤት የምትገባ።

ልወረውራት ነበር ከታች ካለው ወንዝ ውስጥ፣
ሃይላንድና ፌስታል ተቃቅፎ ከሚናጥ።

«አምጫት» አለኝ ነስሩ፣ ደረጃው ሥር ከርሞ፣
የካራውን ስለት ፍም ውስጥ አጋድሞ።
ስንጥቋን በጣቱ እንደ ቁስል ዳስሶ፣
«ማነው ሞተች ያለሽ?» አለኝ አንገቱን መልሶ።

ከማዳበሪያው ውስጥ ሲበረብር ቆየ፤
የሸበጥ ተረከዝ፣ የጆግ እጀታ አየ፤
ትቷቸው መዘዘ አንድ ሰማያዊ ስባሪ።
ወዲያው አወቅሁት።
የእድራችን ወንበር ነው፤ ያቶ ጉርሜሳ ቀብር ለት፣
ድንኳኑ ሰው ጠቦት፣ እኔው ተቀምጬበት፣
እግሩ የተሰበረ፣
«እድር» የሚል ጽሑፍ ጀርባው ላይ የነበረ።

ሰማያዊው ቀልጦ ከቢጫው ሲዋደድ፣
«እ» ሟሟችና ሄደች በጭሱ መንገድ።
«ድር» ቀረ።

«ስንት ነው?» ስለው፣ «ሃያ ብር ይበቃል፤
ያ የተሰበረው ባልዲሽ ግን ይመጣል፤
የሰዓዳ ሳፋ እሱን ይጠብቃል።»

ማክሰኞ ሌት፣ ቧንቧው ሲያስል ነቃሁ፣
ሞልቼ አዘልኳትና ደረጃውን ወጣሁ፤
በየፎቁ ቆሜ ወደ ኋላ አየሁ።
ደረቅ ነው።

መብራት የለም። በዳበሳ ቤቴን ከፍቼ
ሳወርዳት ከጀርባዬ፣ እጄ «ድር»ን ነካ፤
የዚያን ቀን ያስቀመጠኝን አዝዬው ወጣሁ ለካ።