የገመዱ ቀዳዳ

በፊት በር ይገባል ቬልጂ በጠዋቱ፣
ቁልፉ በወገቡ፣ ምሳው በብብቱ።
የራጃ እልፍኝ ነበር፤ አሁን በአምስት ሩፒ
ገብቶ ይዞረዋል ጨው ጫኝ፣ ጫማ ሰፊ።

ዙፋንና ጎራዴ፣ ጭድ የሞላው ነብር፣
ስም ተጽፎላቸው፣ ዓመት፣ አገር፣ ቁጥር።
አንድ ነገር ብቻ፣ ወረቀቱን ያጣ፣
ከጣራው ሥር ያለ፣ ገመድ የሚያስወጣ
ጠባብ ክብ ቀዳዳ፤ ከንፈሩ ለስልሷል፣
አርባ ዓመት ሙሉ ገመድ ድንጋይ ልሷል።

ራይሺ፣ አያቱ፣ ከግንብ ውጭ፣ ፀሐይ ላይ፣
ያራግብ ነበረ ሰውየውን ሳያይ።
ሸራው ከጣራው ሥር ሲወዛወዝ ውሎ፣
የራጃው ላብ ደርቆ፣ የሱ ላብ አይሎ።
እልፍኙን በጆሮው፦ ሳቅ፣ የጽዋ ኳኳታ፣
አንዴም የሴት ልቅሶ፣ ያውም እኩለ ማታ።
ያን ለት ቀስ ብሎ ጎተተ ይባላል፤
‹ለምን?› ቢለው ልጁ፣ ‹ዕንባ ንፋስ ይጠላል።›

ዛሬ መብራት ጠፋ።

ቬንትሌተሩም ዞሮ ዞሮ ደከመ፣
ላብ ያራሰው ጎብኚ አጉረመረመ፤
ቬልጂ ግን በርጩማ ስቦ ላዩ ቆመ፣
ዓይኑን ቀዳዳው ላይ አስደግፎ አየ፦
ከወዲያ በኩል ድንጋይ፣ የተኛባት ውሻ፣
ሽማግሌው ያረፈባት እስከ መጨረሻ፣
መሃሏ ጎድጉዶ።
ቀጭን ንፋስ መጣ፤ ዓይኑ ላይ ሲያርፍበት
ወረደ ካለበት።

‹እዚያ ላይ ምን አለ?› አንዲት ልጅ ጠየቀች፣
ደብተሯን እንደያዘች።
‹ወረቀት የለውም።›
እሷም እሱኑ ጻፈች።