ታኮ

ጆሮህን ጣል አድርግ።
ከዘጌ የሚመጣው ያ ሰማያዊ ጀልባ፣
እምቦጩን ገምሶ ከወደቡ ሊገባ
ሲያጓራ ይሰማሃል? እንዲህ ያለ ሳል
ከጀልባ ደረት ውስጥ መች ወጥቶ ያውቃል?
ዳገት ያስተማረው ነው፤
የኤንትሬ ሞተር ነው።

እኔ ረዳቱ ነበርሁ።
ስንሄድ አቡጀዲ፣ ስንመለስ ጨው፣
ከሸራው ላይ ተኝቼ ስንት ክረምት መታኝ፣ ስንቱን ንጋት አየሁ።
ግንባሩ ላይ የብረት ሪዝ ነበረው፣ ልክ እንደ ባላባት፤
ባጃጅ ገና ሳይወለድ፣ ባሕር ዳር በዘንባባው ጥላ ሥር
በብስክሌት በምትመላለስበት ሰዓት።

መሪው ደግሞ በቀኝ ነው።
ሰው ይስቅብናል፤ "ይሄ ምን የሚሉት ጥበብ ነው?"
አገር በግራ መንዳቱን ትቶ ወደ ቀኝ ሲዞር
ኤንትሬ ብቻ ከነመሪው ቀረ፣ እንደ አሮጌ ምስክር።
የጋሽ ይርዳው ግን ሌላ ነበር መልሱ፦
"የሠራው ጣሊያን ተራራ ያውቃል፤ አልተሳሳተም እሱ።
ሾፌር የሚቀመጠው በገደሉ በኩል ነው፤
የራስህን ሞት በሰው ዓይን አታስለካው።"

ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ወደ አባይ ስንወርድ
አንገቱን በመስኮት አስግጎ የገደሉን አፍ ይሰፍራል፦
አንድ ክንድ...
ስንዝር...
አራት ጣት...
ከዚያ ዝም ይላል።
ዝም ሲል ነው እኔ የምጸልይ።
ወደ ደጀን ሽቅብ ስንወጣ፣ ራዲያተሩ ፈልቶ ቀጥ ሲል፣
"ታኮ!" ይላል። አንዲት ቃል።
እዘላለሁ። የወይራ ግንድ፣ ጠርዙን ጎማ የበላው፣
ከኋላ እግሩ ሥር ወሽቄ፣ ያን ሁሉ ኩንታል ጨው
በአንድ እንጨትና በአንድ ትንፋሽ አቆመዋለሁ።

ኤንትሬም አረጀ። እንደ ቅርጫ በሬ ተከፋፈለ፦
ቸርኬው የትምህርት ቤት ደወል ሆኖ ዋርካ ላይ ተሰቀለ፤
ባሌስትራውን ቀጥቃጭ ወስዶ ማጭድ አደረገው፤
ጋቢናው ውስጥ ዘበኛ ያድራል፣ ዝናብ ሲያባርረው።
ሞተሩን ግን መካኒኩ ልሳነወርቅ አላስነካም፤
"ልቡ ገና ነው" ብሎ ከጀልባ ሆድ ሊያስገባው ሦስት ወር አልተኛም።
ራዲያተሩን ጣለው። ውኃ በቱቦ ስቦ
ሐይቁን በሙሉ ራዲያተር አደረገው፣ አስቦ አስቦ።
"ከእንግዲህ ቢፈላ" አለ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣
"ጣና ነው የሚፈላው።"

ጋሽ ይርዳው ካፒቴን ሆነ፤ መሪውን ከቀኝ ጠርዝ አስተከለ፤
ለጉማሬ ክላክስ ይነፋል፣ ኩርባ ላይ እንዳለ።
አንገቱን አስግጎ ውኃውን ሲሰፍር አይቼ
"ጋሼ፣ እዚህስ ገደሉ የታለ?" ብዬ ብጠይቀው
"ከሥራችን" አለኝ፤ "በሁሉም በኩል ነው።"
የመጀመሪያው ቀን ከወደቡ ስንደርስ፣ ሞተሩን አጥፍቶ፣
"ታኮ!" አለ፣ ረስቶ።
ዘለልሁ፣ እኔም ረስቼ፤
ውኃው ወገቤን ይዞኝ፣ ወይራዬን እንደ ሕፃን ታቅፌ
ቆሜ ቀረሁ፣ አፌን ከፍቼ።
የደንገል ታንኳ የሚቀዝፉት ሰዎች መቅዘፊያቸውን እስኪጥሉ ሳቁ።
እሱ ግን አልሳቀም።
እጁን ዘርግቶ አወጣኝ። መጀመሪያ ታኮውን፣ ቀጥሎ እኔን።

ካረፈ ሰባት ዓመቱ።
ሞተሩ ይኸው፣ በሌላ ሰው እጅ፤ ያው ሳሉ፣ ያው ምቱ።

ባለቤቱ እትዬ አትጠገብ ከሐይቁ ዳር ናት፤ ጆሮዋ ከብዷል፤
የሰው ድምፅ አይለይም፣ ይሄን ግን ይለያል።
ሲመሽ፣ ሳሉ ከውኃው ሲነሣ፣
ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ ትወጣለች፤
ትልቁን የቆርቆሮ በር፣ መኪና የሚያስገባውን፣
ሁለቱንም ክንፍ እስከ መጨረሻው ትከፍታለች።
ነፋስ እንዳይመልሰው
ታኮዬን ከሥሩ ትወሽቃለች፤ እኔ ነኝ የሰጠኋት።

ትናንት ማታ አንድ ባጃጅ ሊዞር ገባ፤
መብራቱ ዶሮዎቹን ቀሰቀሰ፤
ዞሮ ወጣ።
በሩን አልዘጋችም።