ሦስት ትንፋሽ

ወይኑ ተለቅሟል፤ ኮረብታው ተራቁቷል፤
ኔካር ጭጋግ ለብሶ ቀስ ብሎ ይወርዳል።
በኔካርዙልም፣ ከባቡር ጣቢያው ኋላ፣ ከጋራዤ በራፍ፣
ፍራው ሂልትሩድ ቆመች፣ ጓንቷን እየሳበች በየጣቱ ጫፍ።
«ሲበርደው ይነሳል ሞተሩ፤ ሲሞቅ ግን ያምፃል፤
አራት ሰው አየልኝ፤ አራቱም አራት ነገር ይላል፦
አንዱ በካርቡራተር፣ ሌላው በካንዴላ፣
ሦስተኛው በቤንዚኑ አሳበበ፤ አራተኛው ሂሳቡን ተቀብሎ ‹ሽጪው› አለኝ ኋላ።»

መኪናዋ ሮ ሰማንያ፤ እዚሁ የተወለደች፣
የፒስተንን ምልልስ፣ የባልቦላን ጫጫታ ያላወቀች፤
ወገቡ በጠበበ፣ ስምንት ቁጥር በሚመስል ጓዳ፣
ጎኑ ያበጠ ሦስት ማዕዘን የሚዞርባት፣ ከግድግዳ ግድግዳ፣
እንደ ሰከረ እንግዳ።

ኦርቹን፣ ተለማማጄ፣ መፍቻ ሊያነሳ ሲል፣
«ጆሮ ይቅደም» አልኩት፤ «የፈታ ሁሉ መች ያውቃል?»
ካንዴላውን ነቀልን፤ ሞተሪኖውን አዞርን፤ ምድጃው እንኳ ዝም አለ።
ጤነኛ ከሆነ ሦስት ትንፋሽ አለው፣ አንዱ ካንዱ ያልጎደለ፦
ፉስ፣ ፉስ፣ ፉስ።
የፊተኛው እንዲያ ነው። የኋለኛው ግን
ፉስ፤ ከዚያ ህ… ህ…
ፉስ፤ ከዚያ ህ… ህ…
ደረጃ እንደሚወጣ ሽማግሌ፣
አንዱን እርከን በጉልበት፣ ሁለቱን በምኞት።

«ሁለት ቦታ ነው የሞተው!» አለ ኦርቹን።
«አንድ ነው» አልኩት። «የጋራ ግድግዳ ሲፈርስ
ብርድ የሚገባው ሁለቱም ቤት ነው።»

ሦስት ቀን ፈታን። ረጃጅም ቡሎኖቹን በተራ እያላላን፣
የተደራረበውን ብረት እንደ ሳህን አንድ በአንድ እያነሳን፣
ዘይቱ ከሰል የሆነበትን በናፍጣ እያጠብን፣
እያንዳንዷን ፋሻ በወረቀት ጠቅልለን ቁጥር እየጻፍን።
በአራተኛው ቀን፣ ከማዕዘኑ ቦይ፣ ከፋሻዋ ሥር፣
ከጥፍር የቀጠነች ሞላ ተገኘች፣ ተገልብጣ፣
መግፋት ሲገባት የምትሸሽ፣ ጀርባዋን ሰጥታ።
ተሰበረች አይባል፤ ደከመች አይባል፤
እንዲህ አድርጎ የሚያስተኛት የሰው እጅ ነው።

«ከዚህ በፊት ማን ፈታው?»
«ኤግበርት» አለች። «ባሌ። አምና በብርዱ፣ በምግብ ጠረጴዛችን ላይ፣
ሐኪሙ ‹አርፈህ ተቀመጥ› ካለው በኋላ።»
ሞላዋን በመዳፌ ሸፈንኳት።
«አርጅታ ነው» አልኩ። «ሞላም ያረጃል።»
ጣቶቼን አንድ በአንድ ገለጠች፣ ጓንቷን ባወለቀችበት አኳኋን።
«አትዋሽልኝ። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር።
ባትሪውን የያዝኩለት እኔ ነኝ፤
ማብራት የነበረብኝ እጁ ላይ ነው፤ ያበራሁት ግን ፊቱ ላይ ነበር።»
ኦርቹን ምድጃው ውስጥ እንጨት ጨመረ፤ እንጨት ግን ሞልቶ ነበር።

መፍታቱን ማን አቃተው? መግጠም ነው ጭንቁ፣ ቃልም ይሁን ብረት።
አዲሷ ሞላ ከሽቱትጋርት መጣች፣ ከተላከችበት ፖስታ ይልቅ ቀላ።
ፋሻዎቹ ከቦያቸው እንዳይወድቁ በቫዝሊን አጣበቅን፤
በጓዳው ግድግዳ ላይ የቀረውን ጭረት በጥፍሬ ዳሰስኩት፤
ለአሥር ሺህ ኪሎሜትር ይበቃል፤ ለሃያ አልምልም።
ለመጨረሻዋ ማዕዘን ባትሪውን ሂልትሩድ ያዘች፤
መብራቱ ጣቶቼ ላይ አረፈ፤ አልተነቃነቀም፤
ቀና ብላም አላየችኝ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ተነሳ።
ቫዝሊኑ ሲቃጠል ነጭ ጭስ ግቢውን ሞላው፤
ጎረቤታችን ሄር ቮልፍራም መስኮቱን በንዴት ዘጋ።
አሞቅነው፤ አጠፋነው፤ ሃያ ደቂቃ ጠበቅን፤ ማንም አላወራ።
ቁልፉን አዞረች።
ፉስ የለም አሁን፤ ሦስቱም ተዋህደው አንድ ረጅም ሹክሹክታ።

የዚህ መኪና ሰዎች መንገድ ላይ ሲተላለፉ ጣት ያነሳሉ ይባላል፣
ሞተራቸው ስንቴ እንደ ተከፈተ ለመናገር።
ሂልትሩድ ከበሩ ስትወጣ በመስኮቱ አራት ጣት አሳየችን።
ኦርቹን ሰላምታ መስሎት
እጁን አውለበለበላት፣ ጥጉን እስክትዞር።